ብርማው መንኮራኩር

«ታዲያ ወንድሜ ለፕላስቲክ ሲባል እዚያው ይበስብስ በለኛ!» አለች አገርነሽ፣ በእጇ የያዘችውን የዱቄት ወንፊት ሳታስቀምጥ። «አፍ አውጥተህ በለው። እናቴ ፊት ምን ብዬ እንደምቆም ልወቀው።»

«ቀስ በይ። ግድግዳው ይሰማል» አለ ገነነ።

«ይስማ! ግድግዳው ያላወቀው ምን ቀርቶናል?»

ግድግዳው እውነትም ይሰማ ነበር። ከጭቃው ማዶ የምትኖረው እትዬ ብርቅዬ ምጣድ ስታስቀምጥ፣ ባሏ ካሱ ሲያስል፣ ሁሉም እዚህ ይሰማል። ጠቡንም ያመጣችው እሷው ነበረች፣ ያለ አንዳች ክፋት። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ የአብዮት በዓል ዐውደ ርእይ ሲነሳ፣ የታችኛው ቀበሌ ጎማው የሚዞር የእንጨት ትራክተር አሠርቷል ተብሎ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ብርቅዬ ይኼን ጊዜ ተነሥታ፣ «እኛ ሠፈር ደግሞ መንኮራኩር አለ። ገነነ ቤት፣ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አበጋዝ አገርነሽን ከስኳር ሰልፍ ነጥሎ ጠራትና፣ «መንኮራኩሩ ጳጉሜን ሳይወጣ ይምጣ። ከዚያ ስለ ወንድምሽ እንነጋገራለን» አላት። ዛሬ ጳጉሜን ሊያልቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ከክፍለ ሀገሩ የሚመጡ ጓዶች አዳራሹን ይጎበኛሉ።

መንኮራኩሩ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል በተሸጎጠው የንድፍ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ገነነ የውኃ ሥራ መሥሪያ ቤት ድራፍትስማን ነው፤ ቀን የቧንቧ መስመርና የታንከር እግር ይነድፋል፣ ወደ ማታ ደግሞ ጡቦቹን ይገጣጥማል። ጡቦቹ ከላይ ጉብ ጉብ ያሉ፣ ከታች ጎድጓዳ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲጫን ቀጭ ብለው የሚነካከሱ የልጆች መጫወቻ ናቸው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊና ጥቂት ቢጫ። አንድ ሣጥን ብቻ ስለነበረው አዲስ መንኮራኩር የሚሠራው የቀድሞውን አፍርሶ ነው። ከአራት ማዕዘን ጡብ ክብ ነገር አይወጣም፤ እርከን በእርከን እየቀነሱ፣ አንዱን ጡብ ግማሽ ወደ ውስጥ እየሳቡ ዓይንን ማታለል ነው። የመጀመሪያውን ሰው ወደ ጠፈር ያወጣውን የቮስቶክን ሉል ለመሥራት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶበታል። ከዚያ እሱን አፍርሶ ጨረቃ ላይ የወረደችውን ባለአራት እግር ሠራ። እሷንም አፈረሰ። አሁን ያለው ከሁሉም የበለጠው ነው፤ የሩሲያው ሶዩዝና የአሜሪካው አፖሎ ሰማይ ላይ ተገናኝተው አፍ ለአፍ የተጋጠሙበት። ፎቶውን ያየው መሥሪያ ቤታቸው በመጣ አሮጌ መጽሔት ላይ ነበር። ሥዕሉን በወረቀት ለክቶ፣ አሳንሶ፣ እያንዳንዱን ክንፍ በማስመሪያ እያስተካከለ ነው የገጣጠመው።

«ፕላስቲኩማ ምን ገዶኝ» አለ ገነነ። «ጡቡ የማን እንደሆነ ትረሺዋለሽ? ያን ሣጥን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዳራሽ መካከል አስቀምጬው አንዱ ‹ይኼማ የሚሲዮኑ ነው› ያለ እንደሆነ፣ ጋሽ ኦይታ በራሴ እጅ አለቀለት ማለት ነው።»

ይህን አገርነሽም ታውቀዋለች። ታላቅ ወንድሟ ኦይታ የሚሲዮኑ መዋዕለ ሕፃናት ጠባቂና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበር። ነጮቹ ሄደው ግቢው ሲወረስ፣ ወንበሩና የመዝሙር መጽሐፉ በጋሪ ተጭኖ ሲወጣ፣ ኦይታ የጡቡን ሣጥን በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ ሲመሽ ወደዚህ ቤት አመጣው። «አንተ እጅህ ሥራ አይፈታም፤ አንተ ዘንድ ይቆይ። ልጆቹ ሲመለሱ ይወስዱታል» አለ። ልጆቹ አልተመለሱም። ኦይታ ግን አልፎ አልፎ ይመጣና በርጩማ ስቦ ገነነ ሲሠራ ያያል። «ሰውየው የሚቀመጠው የቱ ጋ ነው?» ብሎ ይጠይቃል ሁልጊዜ። ገነነ ሲያሳየው፣ «ጠባብ ነው» ይላል።

የታሰረው በሐምሌ ነው፣ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ። አብረውት የተያዙት አንድ በአንድ ወጥተዋል። የሚጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፤ የሚሲዮን ንብረት በእጄ የለም ብሎ መማል። ማሉና ወጡ። ኦይታ ግን «እኔ አልምልም» አለ። የእነሱ እምነት መማል አይፈቅድም ብለው አለፉት፤ «እሺ፣ ሳትምል የለኝም በል» አሉት። ዝም አለ። ዝምታው ነው እስከ ዛሬ ያቆየው። አገርነሽ በየቀኑ ምግብ ታደርሳለች፤ ሳህኑ ሲመለስ አንዳንዴ ግማሹ አልተበላም፣ አንዳንዴም ሌላ ሰው የበላው ይመስላል።

ወንፊቱን አስቀመጠች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ ጨርቁን ገለጠችና አልጋዋ አጠገብ ለዓመታት እንደከረመ እንግዳ መንኮራኩሩን አየችው።

«ቀባው» አለች።

«ምኑን?»

«ቀለም ቀባው። ለታንከር የምትቀቡት ብርማው ቀለም አለህ አይደል፣ በራፉን ልትቀባበት ያመጣኸው? ቀለም ከለበሰ ማን ጡብ ይለዋል? እንጨት ነው ትላለህ።»

ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ነው። ቀለሙ በየስፌቱ ከገባ ግን ጡቦቹ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚላቀቁት ተሰብረው ነው። ሌላ መንኮራኩር አይኖርም። ልጆቹ ቢመጡም የሚሰጣቸው የለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሶዩዝ ብርማ አይደለም፤ አረንጓዴ ነው፣ ያውም የደበዘዘ፣ እንደ ወታደር ሸራ ያለ። ይህን ሊነግራት አፉን ከፈተና የእሷን ፊት ሲያይ ከደነው። ያልበላችው ሁሉ ጉንጯ ላይ ይታይ ነበር።

በመጀመሪያ አፖሎውን ከሶዩዙ ለየው። ሁለቱን ያገናኘው አጭር መተላለፊያ በቀላሉ አልለቅ አለው፤ ጥብቅ አድርጎ የሠራው ራሱ ነው። ከለቀቀ በኋላ አፖሎውን ጭኑ ላይ አድርጎ ማፍረስ ጀመረ። አገርነሽ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይዛለት ቆመች። ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ጡቡ ከረጢቱ ውስጥ ይወድቃል። ብርቅዬ ከግድግዳው ማዶ ለካሱ የዓሣ ዋጋ መወደዱን ትነግረዋለች፤ ጫሞ ዳር በአንድ ብር ይገኝ የነበረው አሁን ሲቀላ ገበያ ሲደርስ ሦስት እንደሚባል፣ ያውም ዓይኑ የፈዘዘ። ካሱ «እኛም ዓይናችን ፈዟል» ሲል ይሰማል። ከረጢቱን አስረው ጓሮ ባለው በቆሎ መካከል ቀበሩት። ከዚያ ገነነ ሶዩዙን ወደ ጓሮ አውጥቶ፣ በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ የብሩሹን ጠጉር በናፍታ አለስልሶ መቀባት ጀመረ። ቀዩ ጠፋ። ነጩ ጠፋ። ጉብታዎቹ ብቻ በቀለሙ ሥር እንደ ኩፍኝ ብቅ ብቅ ብለው ቀሩ። እነሱን ለመድፈን ደጋግሞ ቀባ። ፀሐዩ ብርቱ ስለነበር ቶሎ ደረቀ። በጣቱ አንዱን ጡብ ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው። አልተነቃነቀም።

ቀበሌው አዳራሽ ሲደርስ የሦስቱ ጢማሞች ሥዕል ተሰቅሎ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የመጣ የሙዝ ዘለላና በቆሎ በጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ሴቶቹ ሰፌዳቸውን እያስተካከሉ ነበር። ብርቅዬ ከሩቅ አይታው «መንገድ ልቀቁለት! መንኮራኩር መጣ!» ብላ ጮኸች። አበጋዝ ዙሪያውን እየዞረ አየው። ቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ዓይኑ የማይስቅ ሰው ነው።

«እንጨት ነው?»

«እንጨት ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንዲህ ዓይነት እጅ ይዘህ ቧንቧ ስትነድፍ ትውላለህ!» አለና ትከሻውን መታ አደረገው። «የታችኛው ቀበሌ ትራክተሩን ይዞ ይረስ።» ሰዎቹ ሳቁ። መንኮራኩሩን መሐል ላይ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ፣ አስቀመጡት። ገነነ ሊወጣ ሲል አበጋዝ ክንዱን ያዘው። «የት? ሠሪው ቆሞ ያስረዳል እንጂ።»

ከክፍለ ሀገሩ የመጡት ጓዶች አራት ነበሩ፤ አንደኛው ሆስፒታሉን ሊረዳ የመጣ ምሥራቅ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲሄድ ሁሉን ነገር በአክብሮት የሚነካ። አንድ ወጣት ካድሬ ያስተረጉምለታል። ሰፌዱን ነካ፣ ሙዙን ነካ፣ አመሰገነ። መንኮራኩሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገነነ በአማርኛ ማስረዳት ጀመረ፤ ይኼ ጠፈርተኞቹ የሚሠሩበት ክፍል፣ ይኼ ተቀምጠው የሚመለሱበት፣ እነዚህ የፀሐይ ብርሃን የሚቀበሉ ክንፎች። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ከዚያ መንኮራኩሩን በሁለት እጁ አንሥቶ ገለበጠው።

ሆዱን መቀባት ማንም አላስታወሰም ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጦ ስለተቀባ ከሥሩ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ጎድጓዳ ጡቦች ፍንትው ብለው ታዩ። ሐኪሙ ከልቡ ሳቀ። ደስ ብሎት ለካድሬው አንድ ነገር ነገረው፤ እጁን ከወለሉ ከፍ አድርጎ የሕፃን ቁመት አሳየ።

«የልጆች መጫወቻ ነው ይላል» አለ ካድሬው። «ልጁም ቤቱ እንዲህ ያለ ጡብ አለው። በዚህ ሶዩዝን መሥራት መቻሉ በጣም ያስደንቃል ይላል።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አዳራሹም ተከትሎ አጨበጨበ። አበጋዝም አጨበጨበ፣ ዓይኑን ከገነነ ሳይነቅል። እንግዶቹ ወደ በቆሎው ሲያልፉ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ብርቅዬና ሌሎቹ ሴቶች ሰፌዳቸውን እንደያዙ ወደ ሁለቱ ዞሩ።

«እንጨት አላልከኝም?»

«ብዬ ነበር።»

«ከየት መጣ ይኼ የልጅ ጡብ?»

«አዲስ አበባ ነው የገዛሁት። ለሥራ የሄድኩ ጊዜ። ፒያሳ፣ አንድ ግሪክ ሱቅ።»

«ግሪኩ ስሙ ማነው?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም።»

አበጋዝ ድምፁን ሳያነሣ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሆኖ ቀጠለ። «ሚሲዮኖቹ ግቢ ልጆች በእንዲህ ያለ ነገር ይጫወቱ ነበር ይባላል። ጠባቂያቸው አማችህ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ሐምሌን ሙሉ፣ ነሐሴን ሙሉ አማችህን አንዲት ነገር ስጠይቅ ዝም ይለኛል። አሁን አንተ ንገረኝ። ማልልኝና እመንህ።»

«እናቴን! አዲስ አበባ ነው የገዛሁት።»

«እናትህማ ካረፉ ቆዩ አሉ። በሞተ ሰው የተማለ መሐላ ምን ጥርስ አለው?» አበጋዝ በአገጩ ወደ ጓሮው፣ እስረኞች ወዳሉበት መጋዘን አመለከተ። «ባለው ሰው ማል። በኦይታ ማል። ወይስ አንተም እንደሱ አልምልም ባይ ነህ?»

ገነነ የዲታ ደጋ ልጅ ነው። በአባቱ አገር በሰው ሕይወት በሐሰት የማለ ሰው ጎሜ የሚሉት እርግማን ይይዘዋል ይባላል፤ የሚይዘውም እሱን ብቻ አይደለም፣ የተማለበትን ሰው ነው የሚያስቀድመው። ሐሰተኛው ራሱ በሽማግሌዎች አደባባይ፣ በዱቡሻው ላይ ቆሞ በገዛ አፉ እስኪናገር ድረስ አይለቅም። ገነነ ወንጌል ከተማረ ወዲህ ይህን የድሮ ሰው ፍርሃት ነው ብሎ ትቶታል። አሁን ግን ተመልሶ መጣበት። የጓሮውን መጋዘን በር አሰበ፤ ሳህኑን አሰበ፤ የአገርነሽን ጉንጭ አሰበ።

«ጋሽ ኦይታ ይሙት!» አለ። «ከሚሲዮን አንዲት ጡብ አልመጣችም። ጋሽ ኦይታ ይሙት።»

«በቃ» አለ አበጋዝ። «አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ሄዶ ስለ በቆሎው ምርት ማስረዳት ጀመረ። ሊወጡ ሲሉ፣ በር ላይ፣ ወደ ገነነ ዘወር ብሎ፣ «ወደ ማታ መጥታችሁ ውሰዱት። ለበዓል ሰው ቤቱ ይዋል» አለው።

ኦይታ ወደ ቤት የመጣው ፀሐይ ወደ ጋርዱላ ተራራ ስታዘቀዝቅ ነው። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ሰፍቶታል። አገርነሽ እንደ ሕፃን እግሩን አጠበችው፤ እሱም እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ታጠበ። የሀለኮ ቅጠል የበዛበት የበቆሎ ዱቄት ኩርኩፋ ቀረበለት። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እያመሰገነ በላ። ስለ እናታቸው ጠየቀ፤ ጨንቻ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። አገርነሽ ስትመልስ ሳቋና ዕንባዋ ይቀላቀላል። ገነነ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ሆኖ ሁለቱን ያያል። ከንጋት ጀምሮ ይህን ሰዓት ሲጠብቅ ውሎ አሁን ሰዓቱ ሲደርስ የት እንደሚመለከት አጣ።

ኦይታ ዓይኑ ባዶው የንድፍ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። «የመንኮራኩሩን ሰዎች የት አደረግሃቸው?» አለ ፈገግ ብሎ።

ገነነ ሳይመልስ በሩ ተንኳኳና ብርቅዬና ካሱ ገቡ፤ እሷ በመሐረብ የቋጠረችው ስኳር ይዛ፣ እሱ ባዶ እጁን እያጨበጨበ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰን ተባለ። ጠባቧ ክፍል ሞላች። ካሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከገነነ ጉልበት ጋር ተነካካ።

«አንተ ኦይታ» አለች ብርቅዬ ገና ሳትቀመጥ፣ «ወንድም ማለት ገነነ ነው እወቅ! አበጋዝ ሲያፋጥጠው ብታይ! እኔ ሰፌዴን ይዤ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ። ‹ጡቡ የሚሲዮን ነው፣ ማል› አይለው መሰለህ! ገነነዬ ዓይኑን አላሸም። ‹ኦይታ ይሙት!› አለው። ያውም ሁለቴ! እዚያው አፉን ዘጋው። ያንን ባይምልማ ዛሬም እዚያው ነበርክ።»

«እማይምሉት ናቸው ሲባል» አለ ካሱ እየሳቀ፣ «ሲምሉ አሳምረው ነው ለካ!»

አገርነሽ ስኒዎቹን ለማቅረብ ተነሣች፤ ወንድሟን አላየችውም። የሻይ ጀበናው ክዳን ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሽከረከረ። ብርቅዬ አንሥታ ሰጠቻትና ስለ ጀርመኑ ማውራት ቀጠለች፤ ሰፌዷን በሁለት እጁ ይዞ እንዴት እንደሰገደላት፣ ሚስቱ ምን ዓይነት ሰው ትሆን እንደሆነ።

ኦይታ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ብዙ ጠረገው። ከዚያ ተነሥቶ ገነነ አጠገብ፣ በሩ ሥር፣ ቁጢጥ አለ። ጎረቤቶቹ ጋሞኛ አይሰሙም፤ ዝቅ አድርጎ በሱ ተናገረ።

«በእኔ ማልህ?»

«ምን ላድርግ ጋሼ? ሌላ መንገድ አሳጣኝ።»

«እኔ እዚያ ስቆይ ሌላ መንገድ ያጣሁ መሰለህ? በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር። አንዲት ቃል ነበረች ቁልፉ። ጡቡን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

«ነህ ጋሼ።»

«እንደዚያ ነው የምነግራቸው። ከዚያ የበለጠ አልጨምርም።»

«መልሰው ይዘጉብሃል።»

«ያውቁኛል፤ ቦታዬንም ያውቁታል።»

«እኔንስ?» አለ ገነነ። ወዲያው ባላልኩት ብሎ ተመኘ።

ኦይታ አየው። በፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ በርጩማ ስቦ፣ ገነነ መንኮራኩር ሲሠራ ያየው በነበረበት ዓይን ነው ያየው። «አንተ ራስህ ብትነግራቸው ይሻላል» አለ። «በአገራችን ወግም የማለው ሰው ነው የሚናገር። አብሬህ እሄዳለሁ። አበጋዝ ገና እዚያው ነው፤ ሲለቁኝ ለበዓሉ መብራት እየዘረጉ ነበር።»

ጠበቀ። ገነነ እጁን ይመለከት ነበር። በጥፍሮቹ ዙሪያ ብርማው ቀለም ቀርቷል፤ በናፍታ ቢያሽም አልለቀቀም። እንሂድ ሊል ነበር። መሥሪያ ቤቱ መጣበት፤ አገርነሽ ለሁለት ሰው ሳህን ተሸክማ ስትሄድ መጣችበት፤ የመጋዘኑ በር መጣበት። ኦይታ ዝናብ እንደሚጠብቅ ገበሬ ሳይቸኩል ጠበቀው። ካሱ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የታችኛው ቀበሌ ትራክተር ጎማው የተሠራው ከአሮጌ የሚስማር በርሜል ክዳን መሆኑን፣ አናጺውንም ራሱ እንደሚያውቀው፣ ሰውየው በሕይወቱ አንድ ቀጥ ያለ በር ሠርቶ እንደማያውቅ እየተረከ ነበር። ብርቅዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ኦይታ ቀና አለ። ከምስማሩ ላይ ጋቢውን አወረደና በትከሻው ጣለው፤ አገርነሽ ዛሬ አጥባው ገና እርጥበቱ አልለቀቀም። በሩ ጠባብ ስለነበር ለማለፍ የገነነን ጉልበት መሻገር ነበረበት። ቆሞ ጠበቀ።

ገነነ ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ብቻውን እንዲሄድ አሳለፈው።

«ጎማውማ ሲዞር» አለ ካሱ፣ «ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚዞር!» አገርነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ብርቅዬ ያመጣችውን ስኳር በየስኒው እያደረገች ታማስል ነበር፤ ለአንዱ ስኒ ጨመር አደረገችለት።